አንድ ጉንጭ የሩፋኤል ዝናብ

ባለፈው ነሐሴ እንግዳ ይዤ እንጦጦ ግርጌ ወደተከለለው የእጽዋት ቦታ ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጥዱ፣ ባሕር ዛፉና ቀዩ አፈር አንድ ላይ ረጥበው ሲሸቱኝ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ የሆነ ነገር አስታወሰ። ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ዳር በሽቦ የታጠረ ቆርቆሮ አየን፤ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፣ አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለኝ እንግዳዬ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ሰውዬው አንዴ ቆርቆሮውን፣ አንዴ እኔን እያየ ቆመ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ የአንዱ ጠባቂ እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ የሰባ ሰባት ክረምት ነው። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የምኖረው ጉለሌ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ካሳደጉኝ አክስቴ ከእትዬ አስካለ ጋር ነው። ከእኛ ግቢ በላይ ቤት የለም፤ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከዳገቱ ተነሥቶ ታች አስፋልቱ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ሲቆጡም ሲመርቁም በዚያው ድምፅ ስለሆነ፣ የማያውቃቸው ሰው እየተመረቀ ይደነግጣል።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ላንድሮቨር ጭቃውን እየታገለ በራችን ድረስ መጣ። በዚያ ዘመን መኪና ደጁ ሲቆም ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ባጥር ቀዳዳ አጮለቀ። የወረደችው ግን ሱሪ የለበሰች፣ ጫማዋ በጭቃ የተለበጠ፣ ፈገግታ የማያጣት ወጣት ሴት ናት። ሮማን ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

“እናቴ፣ ከግቢዎ አንድ ጥግ እንዲሰጡኝ ልለምን ነው የመጣሁት።”

“ለምን ሥራ?” አሉ እትዬ አስካለ።

“ዝናብ ልለካበት።”

እትዬ አስካለ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። “ስኳሩን ለክታችሁ ጨረሳችሁ?”

ሮማን ሳቀች፤ በዚያች ሳቅ ግማሽ ግቢ ተሰጣት። ከዚያ አስረዳች። ላይ፣ ተራራው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከአሮጌዎቹ ጥዶች ሥር አንድ መለኪያ ተክላለች። ባሕር ዛፉ መሐል ደግሞ ሌላ። የትኛው ዛፍ ምን ያህሉን ዝናብ ወደ መሬት እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው አፈሩን ይዞ እንደሚያስቀር ልታጠና ነው። ሦስተኛው መለኪያ ግን ዛፍ በሌለበት፣ ከሰማይ ቀጥታ የሚወርደውን በሚቀበል ቦታ መቆም አለበት።

“ከሰማይ ስንት እንደወረደ የሚነግረኝ የእርስዎ ግቢ ነው። እሱ አንድ ቀን ከጎደለ የላዮቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም፤ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት ገደል ገባ ማለት ነው።”

እትዬ አስካለ እንዲህ ያለ ነገር ይወዱ ነበር። እሳቸው ከሌሉ ነገሩ ሁሉ ገደል የሚገባበትን ሥራ ማን ይጠላል? ያን ዕለት ቆርቆሮው ከጎመን መደቡ አጠገብ ተተከለ። ከጎኑ ሮማን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ዘር ለቅማ ያበቀለቻቸውን፣ ከጣት የማይበልጡ ችግኞች በፕላስቲክ ፕላስቲክ ደረደረች። ጠባቂ ሲፈለግ እኔ ነኝ የተገኘሁት።

“ስምሽ ማነው?” አለችኝ።

“ፀሐይ።”

“ዝናብ የምትጠብቀው ፀሐይ!” ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ፣ ቀልዱንም ክረምቱን ሙሉ አልተውትም። እኔ ሮማንን “እትዬ” ስላት እሷ ወዲያው ከለከለችኝ፤ “ሮማን በይኝ፣ አንቺ በይኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ነሽ” አለች። ባልደረባ ምን እንደሆነ ባላውቅም ትልቅ ሰው እንደሆንኩ ገባኝ። በማግስቱ የጎረቤቶቼን ልጆች አላነጋገርኳቸውም።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ጠዋት ተነሥቼ የቆርቆሮውን አንገት አላቅቃለሁ፤ በውስጡ ያለችውን ጣሳ አወጣና ውሃውን መስመር ወዳለው ረጅም ብርጭቆ እገለብጣለሁ። ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አያለሁ። ያየሁትን በጠመኔ ከበሩ ጀርባ እጽፋለሁ፤ ሮማን ከተራራው ስትወርድ ትገለብጠዋለች። ዝናቡ ከባድ ከሆነ ግን እንዳይሞላና እንዳይፈስ ጠዋትን ሳልጠብቅ ወዲያው መለካት አለብኝ።

እሷ ስትመጣ ግቢው ይሞቃል። ስለ ተራራው የጥንት ሁኔታ ሽማግሌና አሮጊት መጠየቅም የጥናቷ ክፍል ስለነበረ፣ እትዬ አስካለ እየተጠየቁ መመለስ ዓመት በዓል ሆነላቸው። “እናቴ ሲነግሩኝ፣” ይላሉ ቀና ብለው፣ “ጥዱም ወይራውም ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አልቆ ተራራው ራቁቱን ነበር። ባሕር ዛፍ ነው መጥቶ ያለበሰው። እኛንም ያሞቀን እሱ ነው።”

“ግን እኮ እናቴ፣ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል እየተባለ ይወቀሳል።”

“እኔም እጠጣለሁ። ታዲያ ልቆረጥ?”

ሮማን እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ወተት የሚያመጣልን፣ ከተራራው ጀርባ መጥቶ ሰፈራችን የሚኖረው ጋሽ ደበላ ደግሞ የወተት ጣሳውን ይዞ እዚያው ቆሞ ስለነበር፣ “ያ ዋቅ፣ አምላኬ! እትዬ አስካለን የሚቆርጥ መጥረቢያ የት ተሠርቶ?” አለ። ያን ሰሞን ጉለሌ ውስጥ ከእኛ ግቢ የበለጠ ደስ የሚል ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዝናብ ለምን እንደሚለካ ሮማን ደጋግማ አስረድታኛለች። የገባኝ ግን ሌላ ነው። ያን ዓመት የአገሩ ሁሉ ወሬ ድርቅ ነበር። ትምህርት ቤት ለወሎ ብለን አዋጥተናል፤ መምህራችን ካርታው ላይ ወሎን በዱላው ጫፍ እየነኩ “እዚህ ዝናብ ጠፍቷል” ብለውናል። በሌላ በኩል የቀበሌ ሱቅ አለ። ስኳርና ሳሙና ለምን እንደሚለካ የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ለሁሉም እንዲዳረስ ነው። እኛ ጋ ዝናብ ተርፎ መንገድ ያፈርሳል፣ ወሎ የለም፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ሴት ዝናብ እየለካች “አንዲት ጠብታ እንዳትባክን” ትለኛለች። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዝናቡ ሊከፋፈል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኝ ነበር። ሮማን “ከለካሽ በኋላ ውሃውን ድፊው” ብላኛለች። ስኳር ለክቶ የሚደፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ረስታ ነው ብዬ፣ የለካሁትን ሁሉ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባገኘሁት አሮጌ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅም ጀመር፤ ወሎ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ። ለማንም አልተናገርኩም። የመንግሥት ሥራ ነው፣ ወሬ አያስፈልገውም።

እንዲህ እያልን ጳጉሜን ሦስት ደረሰ። ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ሰማይ ይከፈታል፤ የሚዘንበውም ዝናብ አይባልም፣ ጠበል ነው። ዳገቱ ላይ ያለው ቤት ሁሉ ሳፋውን፣ ድስቱን፣ ባልዲውን ደጅ አውጥቶ ይጠብቃል። ያን ዕለት ግን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ጠብ ሳይል ቀረ። ሴቶቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ “ምን በድለን ይሆን” መባባል ጀመሩ። ከዚያ አንድ ነጎድጓድ ተራራውን ነቀነቀውና ሰማዩ ተቀደደ። እኔም ግልገል ሱሪዬን ብቻ ታጥቄ፣ ከዳገቱ ልጆች ጋር “ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!” እያልኩ ጭቃው ውስጥ ስዘል ዋልኩ።

ሲያባራ እየተንቀጠቀጥኩ ገባሁ። ከበሩ መቃን ጋር ተለክቼ ምንም አለማደጌን ካረጋገጥኩ በኋላ ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። ሮጬ ሄጄ አንገቱን ሳላቅቅ ውስጡ ባዶ ነው። ጣሳዋ የለችም።

እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ለጎረቤቱ በየብርጭቆው እየቀዱ ነበር። የመጨረሻው ሰው ተቀብሎ እየሄደ ነው።

“እትዬ! ጣሳዬ የታለች?”

“አለች። አጥቤ እመልሳታለሁ።”

“ውሃውስ?”

“ውሃ አትበይው፣ ጠበል ነው። ሌላው ሰው በልብስ ሳፋ ይቀበላል። ሳፋ ምን ሲታጠብበት እንደኖረ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሄ ግን ጣሪያ ያልነካው፣ ቅጠል ያልነካው፣ እጅ ያልገባበት፤ ከመልአኩ እጅ ቀጥታ የወረደ። ለእኔ ብቻ ማስቀረት ነውር ነው ብዬ ለሰፈሩ አካፈልኩት።”

“የወሎ ነበር እኮ!” ብዬ አለቀስኩ።

ለቅሶዬ ልቅሶ ቤት የሚያስንቅ ስለነበር የሄዱትም ተመለሱ። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝናቡ እንደሚከፋፈል፣ ሮማን የምትለካው ለዚያ እንደሆነ፣ የዚህ ግቢ ድርሻ ወሎ እንደሚሄድ። የሚስቅ ሰው ይኖራል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። አጠገባችን የሚኖሩት ወይዘሮ ብርቄ ልጃቸውን እንዳዘሉ “ይሆናል፣ የተማረ ሰው የማያደርገው የለም” አሉ። እትዬ አስካለም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ቤት የወረሰ መንግሥት ዝናብ ቢወርስ ምን ይገርማል” አሉ።

ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ባዶ ጠርሙስ አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

“እኔ አስካለ የተጠማ ሰው ድርሻ ጠጣሁ?”

ወዲያው ተነሥተው የታወቀውን ድምፃቸውን ለቀቁት። “ያካፈልኳችሁን መልሱ! የወሎ ድርሻ ነው! መልሱ!”

ሰፈሩ መለሰ። ችግሩ፣ የወሰደውን ብቻ የመለሰ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ብርቄ ጠበሉን የልጃቸውን ግንባር አብሰውበት ስለነበር ከራሳቸው ድስት ሙሉ ብርጭቆ ቀዱ። ጋሽ ደበላ ለታመመች ላሙ አጠጥቷል። “ከላሟ ሆድ እንዴት አድርጌ ላውጣው?” ብሎ ከቤቱ ባልዲ ይዞ መጣ። ግማሽ ስኒ የተሰጣት ሙሉ ስኒ አመጣች። “ለወሎማ ሲሆን በጎደሎ አይሰጥም” እያሉ ወደ ቆርቆሮው በተመለሰችው ጣሳ ውስጥ በየተራ ገለበጡ። እኔም ከፊት ቆሜ አስተናባሪ ሆንኩ፤ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ሮማን ከተራራው የወረደችው ያን ጊዜ ነው። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ውሃ ትንጠባጠባለች። ቆርቆሮው ዙሪያ ስኒና ብርጭቆ ይዞ የተሰለፈውን ሰው አየች።

“ምን እየሆነ ነው?”

“አይዞሽ ልጄ፣ አልጎደለም” አሉ እትዬ አስካለ በኩራት። “ይኸው ሞልቷል።”

ሞልቶ በጎን እየፈሰሰ ነበር። ሮማን ነገሩን ከአንዱም ከሌላውም ሰምታ ስትጨርስ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። “የክረምቱ ትልቁ ዝናብ እኮ ይሄ ነበር” አለች፣ ድምፅዋ ሰልሎ። “ላይ ያሉትን ለክቼ መጣሁ። የዚህ ከሌለ...” አልጨረሰችውም። የላዮቹን ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት አጠፈችው። ልጅም ብሆን አሳዘነችኝ።

“መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?” አልኳት፣ የማጽናናት መስሎኝ።

“የምን መኪና?”

“ውሃውን ወሎ የሚወስደው።”

ሮማን ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን፤ ስኒዎቹን፣ ባልዲውን፣ ወይዘሮ ብርቄን። ስለምን እንደጨመርን የገባት ያን ጊዜ ነው። እጄን ይዛ አስጠጋችኝ።

“ውሃው አይሄድም ፀሐይዬ። የሚሄደው የተማርነው ነው። ተራራ በምን ዛፍ ሲሸፈን ዝናቡንና አፈሩን እንደሚይዝ እዚህ ካወቅን፣ እዚያም እንተክላለን።”

“ስንት ጊዜ ይፈጃል?” አሉ እትዬ አስካለ።

“ዓመታት፣ እናቴ።”

“እስከዚያስ ምን ይጠጡ?”

 “የወለደችኝ እናቴም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ” አለች ሮማን። እናቷ ከሐይቅ ወዲያ፣ ወሎ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ስንስቅ ስንጫወት የማን ልጅ እንደሆነች የጠየቃት አልነበረም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አውልቀው እርጥብ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና “ተነሺ” አሏት። “ልቅሶ ተቀምጠን የጠፋ አናገኝም። እኔ ያፈሰስኩትን እኔ እለቅመዋለሁ። ያቺን ጠርሙስ ወዲህ በሉ!”

ቅድም፣ ለሰፈሩ ሳያካፍሉ በፊት፣ ያደረጉትን አንድ በአንድ ነገሩን። መጀመሪያ ጣሳዋን ከቆርቆሮው አውጥተው አንድ ጉንጭ ተጎነጩ። የቀረውን እንዳለ ወደ ጠርሙሱ ገለበጡ። ጠበሉ ጠርሙሱ ላይ እስከተለጠፈው ወረቀት ላይኛው ጠርዝ ደርሶ ቆመ፤ “ሩፋኤል በልክ ሰጠኝ” ብለው ስለነበር አይረሱትም። ወይዘሮ ብርቄም አጠገባቸው ቆመው አይተዋል። ሮማን ይህን ስትሰማ ከድንጋዩ ዘላ ተነሣች። ጠርሙሱን በተራ ውሃ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ሞላችና ረጅሙ ብርጭቆ ውስጥ እየገለበጠች ለካች።

“አሁን የቀረችው ጉንጯ ናት” አለች።

“የምን ጉንጭ?”

“የጠጧት። እሷም ከሰማይ የወረደች ናት። ውሃ ይጎንጩና ብርጭቆው ውስጥ ይትፉልኝ።”

እትዬ አስካለ በሰው ፊት እንዲተፉ ሲጠየቁ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ያጠፉት ትዝ ሲላቸው ዘጉት። ጉንጫቸውን ሞልተው ወደ ብርጭቆው ሲያጎነብሱ ጋሽ ደበላ “ላሜም እንዲሁ ትለካልኝ?” አለ። ፊቱ ላይ ረጩት። ሰፈሩ በሳቅ ወደቀ፣ ሮማንም ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ፈነዱ። በመጨረሻ ጋሽ ደበላን ከግቢ አስወጥተን ጉንጯ ተለካች።

ድምሩን በጠመኔ ከበሩ ጀርባ ጻፍኩ። ሮማን ሌሊቱን ተራራው ላይ ካሉት ጋር ስታስተያየው አድራ በማግስቱ መጣች። ከሌሎቹ ቀናት ጋር ይስማማል፣ ይሠራል፣ እንዴት እንደተገኘም ሳትደብቅ አብራ ትጽፈዋለች። እትዬ አስካለን አቅፋ ስማ ስታበቃ እኔ እጅጌዋን ጎትቼ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወሰድኳትና ጀሪካኑን አሳየኋት። የክረምቱ ዝናብ እዚያ አለ፤ አረንጓዴ ሆኗል፣ ይሸታልም።

“ይሄም አይሄድም?” አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ነቅነቅ አደረገችው። “ይሄስ ይሄዳል” አለች። “እነዚያ የጥድ ችግኞች ለሚቀጥለው ሰኔ ወደ እኛ አገር ነው የሚሄዱት። በጋውን ሙሉ ውሃ ይፈልጋሉ። አንቺ ታጠጫቸዋለሽ።”

አጠጣኋቸው። የጀሪካኑ ሲያልቅ ከቧንቧ፣ ቧንቧው ሲጠፋ ከጋሽ ደበላ ባልዲ። እትዬ አስካለ ደግሞ በጋውን ሙሉ በሰፈሩ ሲኩራሩ ከረሙ። ትምህርት ባስጠላኝ ቁጥር “የእኔ ጉንጭ እንኳ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ አንቺ ምን ሆነሽ?” ይሉኛል። ማታ ሲጸልዩ ግን ሌላ ነገር እሰማ ነበር። ሌላው ሁሉ የወሰደውን ከነምርቃቱ መልሷል። እሳቸው የጠጧት ጉንጭ ብርጭቆው ላይ ተለካች እንጂ አልተመለሰችም። ይህ ከልባቸው አልወጣም።

ሰኔ ላይ የጭነት መኪና መጣ። ችግኞቹ ቁመታቸው ስንዝር አልፎ፣ በሣጥን ሣጥን ሆነው ተጫኑ። ሮማን ከሹፌሩ ጎን ገብታ ተቀመጠች፤ ራሷ ልትተክላቸው አገሯ መሄዷ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ መኪናው ሊነሣ ሲል እትዬ አስካለ “ቁም!” አሉ። ሹፌሩ እንደ ወታደር ቆመ።

ከቤት ያመጡት የዓምናውን የሩፋኤል ጠበል ነው። ያን ዕለት ሰው መልሶ ጣሳዋን ካጥለቀለቀው ላይ አንድ ጠርሙስ ቀድተው ዓመቱን ሙሉ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጠውት ነበር። ከፈቱት። ጉንጫቸው ተወጥሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ተጎነጩ። ከዚያ በመኪናው ጎን ቀስ ብለው እየሄዱ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ እንደሚያደርገው፣ ችግኞቹ ላይ እፍ እያሉ ረጩት። አንዲት ጠብታ አላስቀሩም።

ሮማን በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ “እናቴ፣ ይሄኛውን ሳልለካው!” አለች።

“ለክተሽዋል፣” አሉ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። “ያችው ዓምና የለካሻት ናት። በይ ሂጂ፤ አሁን የወሎ ሰው እኔ ዘንድ የቀረው ነገር የለም።”